ጉልበት ወይስ ገንዘብ? የድሮ ትንንሽ ከተሞች የመንገድ ሥራ

ድሮ መንገድ ሲበላሽ የትንሽ ከተማ ምክር ቤት ሁለት ምርጫ ነበረው፦ ነዋሪውን አካፋ አስይዞ ማሰማራት ወይም ግብር ሰብስቦ ሠራተኛ መቅጠር።

ወጪ፦ ጉልበት ከካዝና ምንም አያስወጣም። ገበሬው ከእርሻው የቀረበትን ቀን ግን ማን ይቆጥርለታል? ግብር በግልጽ ይታያል፤ ለዚህም ነው የሚያስጮኸው።

ቅለት፦ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1555 ሰዉ በየአጥቢያው በዓመት 4 ቀን መንገድ እንዲሠራ በሕግ አዘዘች። በ1563 ቀኑ 6 ሆነ። ተቆጣጣሪው ያለ ደመወዝ የሚሾም የሰፈር ሰው ነበር። እስቲ ጎረቤቱን "ለግመሃል" ብሎ የሚከስ ማን ነው? ሥራው ለይስሙላ ቢሆን አይገርምም። ግብር ደግሞ መዝገብ፣ ተመንና ሰብሳቢ ይፈልጋል።

ስጋት፦ ጉልበቱ የሚከብደው ድሃው ላይ ነው። ግብሩ ሰብሳቢው ኪስ ሊቀር ይችላል። ባለ መሬቱም ዝም አይልም። ፈረንሳይ ውስጥ ሚኒስትሩ ቱርጎ በ1776 የግዳጅ ሥራውን ሰርዞ ወጪውን ወደ ባለ መሬቶች ሊያዞር ሞከረ። በዚያው ዓመት እሱ ተሻረ፣ የግዳጅ ሥራውም ተመለሰ።

ጥሬ ገንዘብ በማይገኝበት፣ ጉድጓድ መድፈን ብቻ በሚበቃበት ቦታ ጉልበት ያዋጣል። ድልድይ ወይም ጋሪ የሚበዛበት መንገድ ከሆነ ግን ባለሙያ ያስፈልጋል፤ እዚያ ገንዘብ ይሻላል። እንግሊዝም በ1835 የግዴታ ሥራውን ትታ ወደ ግብር ዞራለች።