ዲግሪ የሚያሳይ ኢንቨርተር ሁሉ አይጮህም

ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ፣ መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆምባችሁ ኢንቨርተር ልትገዙ ካሰባችሁ ይቺን አንብቡ። እኔ ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት የምሠራባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ደንበኛ ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ደሴ ወጣሁና ፒያሳ አካባቢ ከአንድ ሱቅ ባትሪው አብሮት ያለ ኢንቨርተር በ46,000 ብር ገዛሁ። ሻጩ ሰካውና ስክሪኑ ላይ 24 ዲግሪ አሳየኝ። «ይኸው ሙቀቱን ይለካል። ሲግል ራሱ ይጮሃል፣ ራሱ ይዘጋል። አብሽር!» አለኝ። ቁጥሩን አየሁና አመንኩ። ደረሰኝ ስጠይቀው «ዋጋው ይጨምራል» አለ። ያለ ደረሰኝ ወሰድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሁለት ሰዓት ያህል በእሱ ሠራን። የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ከደሴ ጃኬት ለብሳችሁ ሃረጎን ስትወርዱ ጃኬቱ ይከብዳችኋል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ፕላስቲክ ሸተተኝ» አለች። ሄጄ ሳየው ስክሪኑ 87 ይላል። ጩኸት የለም። ቀይ መብራት የለም። የጎኑ ሽፋን ለስልሶ ጎብጧል። እጄን በፎጣ ጠቅልዬ ማጥፊያውን ተጫንኩ። ከጀርባው የወረቀት ካርቶን ተደርድሮ ነበር። እሱን ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

በማግስቱ አንድ ጠጋኝ ፈታልኝ። ሙቀቱን የምትለካው ስምንት እግር ያላት ትንሽ ቺፕ ናት፤ ኤልኤም 75 የሚሉት ዓይነት። ይቺ ቺፕ ሁለት ሥራ አላት። አንደኛው፣ የለካችውን ዲግሪ በሁለት መስመር ለዋናው ቺፕ መንገር ነው። ስክሪኑ ላይ የምናየው ቁጥር ከዚያ ነው የሚመጣው። ማንቂያው ግን ለብቻው የተመደበ ሌላ እግር አለው። ሌላ ገደብ ካልተሰጣት የቺፗ ማንቂያ የሚነሳው በ80 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ ያን ሲያልፍ የማንቂያው እግር መስመሩን ወደ ዜሮ ቮልት ይጎትታል። ኢንቨርተሩ የሚዘጋውም ባዘሩ የሚጮኸውም ያን አይቶ ነው። ሙቀቱ 79 ስለሆነ ብቻ አትለቅም፤ ከ75 በታች እስኪወርድ ትጠብቃለች። ይህ ክፍተት ባይኖር ዕቃው ገደቡ ላይ ሲበራ ሲጠፋ ይውል ነበር።

አሁን የተበላሁበትን ላሳያችሁ። ያ እግር መስመሩን ወደ ታች መጎተት እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችልም። ሰላም ሲሆን መስመሩን ከፍ አድርጎ የሚይዝለት አንድ ሬዚስተር፣ ማለት የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ፣ የግድ ያስፈልገዋል። የኔ ቦርድ ላይ የሬዚስተሩ ቦታ ባዶ ነው። ብየዳ ነክቶት አያውቅም። ወደ ማጥፊያው የሚያሻግረው ማገናኛም አልተገጠመም። ጠጋኙ ለሙከራ አንድ ሬዚስተር በየደበትና ከጎረቤት ፀጉር ቤት ፎን ተውሶ ቺፗን አሞቃት። ቴስተሩ 5 ቮልት ይል ነበር፤ 80 ላይ ሲደርስ ዜሮ ገባ። ቀዝቅዛ ከ75 ስትወርድ ወደ 5 ተመለሰ። ቺፗ ጤነኛ ናት ማለት ነው። ያን ቀን ስትጣራ ነበር፤ የሚሰማት ነው ያልተገጠመው። በሳንቲም የሚቆጠር ዕቃ ቆጥበው ሱቄን ሊያቃጥሉት ነበር!

ሌላም አለ። ቺፗ የምትለካው የራሷን ገላ ሙቀት ነው። የኔዋ የተቀመጠችው ከሚግሉት ትራንዚስተሮች ርቃ፣ ቦርዱ ጥግ ላይ ነው። ስክሪኑ 87 ሲል እነሱ ከዚያ በላይ ግለው ነበር።

ስለዚህ ስክሪን አይታችሁ አትክፈሉ። ሻጩን «በስንት ዲግሪ ይዘጋል? በስንት ይመለሳል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለት ቁጥር ይንገራችሁ። ከዚያ የምታምኑትን ጠጋኝ ይዛችሁ ሂዱና ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር አሙቆ ኢንቨርተሩ ሲጮህና ሲዘጋ ያሳያችሁ። ራሳችሁ ግን እንዳትከፍቱት፤ ተነቅሎም ውስጡ ኃይል ይይዛል። ባትሪው ላይ በሁለት ሽቦ የተለጠፈ ሴንሰር ካለው በጣታችሁ ያዝ አድርጉትና የባትሪውን ዲግሪ እዩ። ፈቀቅ ካላለ ጥሉት። የሊትየም ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ዲግሪ በላይ ግሎ ቻርጅ መደረግ የለበትም። በሴንሰሩ ቦታ ተራ ሬዚስተር ከተበየደ ደግሞ ባትሪው እየተቃጠለም ስክሪኑ 25 ሊል ይችላል።

ደረሰኝም አትተዉ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። እኔ ግን ከማን እንደገዛሁ የሚያሳይ ወረቀት የለኝም። ሻጩ ጋ ስመለስ «አስከፍተኸዋል፣ አይመለከተኝም» ብሎ ሸኘኝ።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያው ሱቅ በር አልፌ ነበር። ያው ዓይነት ኢንቨርተር መደርደሪያው ላይ አራት ተቀምጧል። አንዱ ተሰክቶ 23 ዲግሪ ያሳያል።