ኦፒኔል ቁጥር 8፦ የካርቦኑ ወይስ የማይዝገው?

ሁለቱ የኦፒኔል ቁጥር 8 ሰንጢዎች ከሩቅ ሲታዩ መንታ ናቸው። ኦፒኔል ከፈረንሳይ ሳቮዋ የመጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ ያለ ሰንጢ ነው። የቁጥር 8 ስለት 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እጀታው እንጨት፣ መቆለፊያው የሚዞር ቀለበት። ልዩነቱ ያለው የስለቱ ብረት ላይ ነው፤ የአንዱ የካርቦን ብረት፣ የሌላው የማይዝግ ብረት ነው።

የካርቦኑ ለመሳል ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ ካርቶንና የጆንያ ገመድ ሲቆርጥ ውሎ ቢደንዝ፣ ሞረድ ላይ ሁለቱን ጎን እያፈራረቃችሁ ትንሽ ስትስሉት ወረቀት ይሰነጥቃል። ጣጣው ሌላ ነው። ሎሚ ቆርጣችሁ ሳትጠርጉት ከተዋችሁት ወዲያው ይጠቁራል። ጥቁረቱ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ዝገትን ትንሽ ይከላከላል። የሚያሰጋው ቀዩ ዝገት ነው። ስለዚህ ማድረቅ፣ ከዚያ በስሱ ዘይት መቀባት ግድ ነው።

የማይዝገው ከ13 በመቶ በላይ ክሮሚየም፣ ማለትም ዝገትን የሚከላከል ብረት፣ አለው። ላብ ያለበት ኪስ፣ ቲማቲም፣ ዓሣ ምኑም አይደለም። ሲሳል ግን ትንሽ ያለፋል።

የእጀታው ችግር የጋራ ነው። እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን አላስወጣም ይላል። ያኔ ቀለበቱን ክፍት አድርጋችሁ የእጀታውን ጭራ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጉት፤ ስለቱ ብቅ ይላል። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍማ ጭራሽ አይሞከርም።

ለመጋዘንና ለእንጨት ሥራ እኔ የካርቦኑን እመርጣለሁ። ለኩሽናና ለእርጥብ ሥራ፣ ወይም መጥረግ ለሚሰለቸው ሰው፣ የማይዝገው ይሻላል። ቆርቆሮ ለመፈልቀቅ ከሆነ ሁለቱንም ተዉአቸው፤ ስለታቸው ስስ ነው፣ ይሸረፋል።