ርካሹ የዝናብ ጃኬቴ ከወራት የጅማ ዝናብ በኋላ

ርካሽ የዝናብ ጃኬት ለእግርና ለሳይክል ያዋጣል ወይ ለሚለው መልሱን ላስቀድም። ጃኬቱ ለእግር ጉዞ አሪፍ ነው። ለሳይክል ቁልቁለትና ሜዳ ላይ ያስኬዳል፣ ዳገት ላይ ግን ያፍናል። ያወጣሁበት ከ3,000 ብር ብዙም አላለፈም፤ ለዚህ ዋጋ የሰጠኝ አገልግሎት አላስከፋኝም። ሌላ ልግዛ ብል ግን የማማርጥበት መንገድ ተቀይሯል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውሃ ያስገባል ወይ?» ብሎ ነው፣ እኔ አሁን ቀድሜ የማየው ብብቱ ሥር ዚፕ መኖሩን ነው።

ምክንያቱ የጅማ ዝናብ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ትላለች፣ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርድባታል። ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም፤ መጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ግን ብርድ የለውም። እየዘነበም አየሩ ለብ ያለ ነው፣ እርጥበቱ ደግሞ ቤት ውስጥ የሰቀላችሁትን ልብስ ሁለት ቀን አያደርቅም። ውጭ አገር የሚጻፉት የጃኬት ግምገማዎች አብዛኞቹ ለብርዳም ተራራ የተጻፉ ስለሆኑ እኛ ጋ ሲመጡ ግማሹ ነገር አይሠራም።

የገዛሁት ሂርማታ፣ ሐሙስ ገበያ፣ ከሳልቫጅ ክምር ውስጥ ነው። ስስ ነው። ሲታጠፍ በራሱ ኪስ ውስጥ ይገባል። ገበር የለውም፣ ውስጡ ላይ በቀጥታ የተቀባ ላስቲክ መሰል ሽፋን ብቻ ነው ያለው። መጀመሪያ ገልብጬ ስፌቶቹን አየሁ፤ ጨርቁ የፈለገ ቢጠነክር መርፌ ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ስለሆነ በውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ ቴፕ ካልተለጠፈበት ያ ጃኬት የንፋስ መከላከያ እንጂ የዝናብ ልብስ አይደለም። ቀጥሎ ሽፋኑን በጣቴ አሸሁት። ያረጀ ሽፋን ይጣበቃል፣ ወይም እንደ ፎረፎር ይራገፋል፣ ይህ ከጀመረ ደግሞ መድኃኒት የለውም። በመጨረሻ ከያዝኩት ሃይላንድ ትከሻው ላይ ውሃ ጠብ አደረግኩበት። «ወንድሜ፣ ልትገዛው ነው ልታጥበው?» አለችኝ ሻጯ። ውሃው ድቡልቡል እያለ ተንከባለለ፣ ከፍዬ ሄድኩ። ነጋዴ ቢቆጣም ይህችን ሙከራ አትለፏት።

መለያው ላይ 10,000 ሚሊ ሜትር ይላል። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያወናብዳል። ጨርቁ ላይ ውሃ እንደ ዓምድ ቢቆምበት እስከ ስንት ከፍታ ድረስ ሳያሳልፍ ይችላል ማለት ነው፤ 10,000 ማለት የ10 ሜትር ዓምድ ነው። የዝናብ ጠብታ ብቻውን ያን ያህል አይጫንም። የሚጫነው የቦርሳ ማንገቻ ነው፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ መቀመጥም ነው። እኔ ቦርሳ አዝዬ ለሰዓታት ዝናብ ውስጥ ሄጄበታለሁ፣ በጨርቁ በኩል ውሃ አልገባም። ስለዚህ 20,000 የሚለውን ፍለጋ ብር መጨመር ለእኛ ዓይነት አጠቃቀም አይታየኝም። ከ5,000 በታች የሚለውን ግን ለረጅም ጉዞ አላምነውም።

ሁለተኛው ቁጥር በግራም የሚጻፈው ነው። አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ በ24 ሰዓት ስንት ግራም የላብ እንፋሎት ወደ ውጭ ያሳልፋል ነው ነገሩ። የእኔው እዚህም 10,000 ይላል፣ 10 ኪሎ መሆኑ ነው። ሲያዩት ብዙ ይመስላል። ግን የሚለካው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እንፋሎት ከጃኬት የሚወጣው ውስጡ ከውጭው የበለጠ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ነው፣ የሚገፋው ልዩነቱ ነው። ብርዳም ቦታ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሐምሌ ላይ ጅማ ግን ውጭውም ራሱ እርጥበት ጠግቧል፣ ላቡ የት ይሂድ? ጎርቴክስ የሚባለው ውድ የዝናብ ጨርቅም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፣ ትንሽ ይሻላል እንጂ። ዳገት ላይ ጠንክሮ የሚፔድል ሰው በሰዓት አንድ ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ይህን ሁሉ በጨርቅ አስወጣለሁ ማለት ዘበት ነው። ዚፕ ወይም ሌላ ማናፈሻ ያስፈልጋል።

የእኔ መፈተኛ የጅሬን መንገድ ነው። ከከተማው እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ዳገቱ ግን ያስለፋል። ጃኬቱን ዘግቼ ከወጣሁ ላይ ስደርስ ውስጤ ይጨመቃል። ውሃ አስገብቶ ይሆናል ብዬ ደጋግሜ ገልብጬ አይቻለሁ፣ ስፌቱ ደህና ነው፣ ላብ ነው። አሁን ዳገቱን ያለ ጃኬት እየረጠብኩ እወጣዋለሁ። ዝናቡ ለብ ያለ ነው፣ ሰውነትም ይሞቃል፣ ምንም አይል። ላይ ስደርስ እለብሰውና እወርዳለሁ። ብርዱ የሚመጣው ቁልቁለቱ ላይ ነፋስ እርጥብ ደረት ሲመታ ነው፣ ጃኬቱ ዋጋውን የሚመልሰውም እዚያ ነው።

ከሥር የምትለብሱትም ለውጥ አለው። የጥጥ ቲሸርት ላብ ይመጥና እርጥብ ሆኖ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ አይደርቅም። የኳስ ማሊያ ይሻላል፣ ፖሊስተር ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ እዚህ ደግሞ ማሊያ የሌለው ሰው የለም። እኔ የማዘወትረው የጅማ አባ ጅፋርን ነው። በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን ከሆኑበት ጊዜ ወዲህ ለሌላ ነገር ብዙም አላለበሰኝም፣ ለዝናብ ቢሆንስ!

ልኩን በተመለከተ፣ ሱቅ ውስጥ ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ አትለኩ። ሳይክል ላይ እንደምትቀመጡ ጎንበስ በሉ፣ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። የእኔው ሲለካ ልክክ ያለ ነበር፣ መሪ ስጨብጥ ግን እጅጌው ወደ ክንዴ ይሸሻል፣ ጀርባውም ከወገብ ከፍ ይላል። ለሳይክል ተብለው የሚሰፉት ከኋላ ረዘም ያሉት ለዚህ ነው። የኋላ ፓራፋንጎ ከሌላችሁ ጭቃው በዚያ ክፍተት በቀጥታ ወገባችሁ ላይ ነው የሚተፋው፤ እኔ መጨረሻ ላይ ፓራፋንጎ አስገጠምኩና ተገላገልኩ፣ እውነቱን ለመናገር ከጃኬቱ እኩል ጠቅሞኛል። ኮፍያው በሄልሜት ላይ አይወጣም፣ ከሥር ሲደረግ ደግሞ ስዞር ዓይኔን ይጋርደኛል። አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ቀለሙ ደማቅ ብርቱካናማ ነው፣ ሰፈር ውስጥ «ትራፊክ ሆንክ እንዴ?» ብለውኛል። ይበሉ። ዝናብ ውስጥ ባጃጅ ነጂ ቢያየኝ ይሻለኛል።

በእግር ሲሆን ሌላ ጃኬት ነው የሚመስለው። በሸቤ መንገድ ወደ በለጠ ጫካ ስንሄድ እርምጃው ለዘብ ያለ ስለሆነ ላቡም ያን ያህል አይደለም፣ ዚፑን እስከ ደረት ከፍቼ እሄዳለሁ። ጫካ ውስጥ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ዛፉ ሲያንጠባጥብ ይቆያል፣ ቅጠሉ ሁሉ እየታከከ ያረጥባል፣ ጃንጥላ እዚያ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየተጠላለፈ ያስቸግራል። የላስቲክ ፖንቾም ከጥቂት መቶ ብር አይበልጥም፣ ከሥር ክፍት ስለሆነም አየር ያስገባል፣ ግን አንድ እሾህ ከነካው አለቀለት። ሳይክል ላይ ጭራሽ አትሞክሩት፣ ጎማ ውስጥ ይገባል። ጃኬት የማይነግራችሁ ነገር ቢኖር የሚከላከለው ውሃ በሙሉ ወደ ታች ወርዶ ጭን ላይ እንደሚያርፍ ነው። የጂንስ ሱሪ ከሆነ አለቀላችሁ።

አሁን ወደ እርጅናው ልምጣ። አዲስ እያለ ውሃው ላዩ ላይ ይንከባለል ነበር። ይህ የሚሆነው ውጭው ላይ በተቀባ ሌላ ስስ መከላከያ ነው፣ እሱ ደግሞ በጭቃ፣ በቅባትና በፍትጊያ ያልቃል። የእኔው መጀመሪያ የለቀቀው ቦርሳ በሚታከክበት ትከሻና ወገብ ላይ ነው። እዚያ ጋ ጨርቁ ውሃ ይጠጣና ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎትም ማሳለፍ ያቆማል። ብዙ ሰው «በቃ ማስገባት ጀመረ» ብሎ የሚጥለው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። አትጣሉት። የውስጡ ሽፋን ደህና እስከሆነ ድረስ ይመለሳል።

እኔ ቀዩን ጭቃ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና አጥባለሁ፣ ሳሙናው እስኪለቅ ደጋግሜ አለቀልቃለሁ። በረኪና አይነካውም። ልብስ ማለስለሻም እንዲሁ፣ መከላከያውን ያበላሻል። ከደረቀ በኋላ መለያው ላይ የካውያ ምልክቱ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ካውያውን በጣም ዝቅ አድርጌ፣ መሃል ላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጌ በቀስታ አሳልፍበታለሁ። ሙቀቱ የቀረውን መከላከያ ያነቃዋል። እንደ አዲሱ አልሆነም፣ ግን ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ለዚህ የሚሸጠውን ስፕሬይ ጅማ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ግራ ትከሻው ላይ ቴፑ ጫፉን ለቆ ነበር። ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስጄ በማስቲሽ አስለጠፍኩት፣ ይዟል፣ ቦታው ግን ጠንከር ብሎ ቀርቷል። ልብስ ሰፊው ደግሞ «ደርቤ ልስፋልህ» ብሎኝ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ ለደግ ነው፣ ግን ቴፕ በሌለበት አዲስ ስፌት ማለት አዲስ ቀዳዳ ማለት ነው። ዚፑ እስካሁን አልተነቀነቀም።

የማስቀመጡን ነገርም አደራ። እርጥብ እንዳለ ፌስታል ውስጥ ጠቅልሎ መርሳት እዚህ አገር በሻጋታ ያስጨርሳል፣ ሙቀትና እርጥበት ሲደመሩ የውስጡ ሽፋንም ቶሎ ይለቃል። የእኔው ከመንገድ ስመለስ ተገልብጦ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በማይመታው በኩል፣ እስኪደርቅ ይሰቀላል። ኪሱ ውስጥ ታጥፎ የሚገባው ጠዋት ስወጣ ብቻ ነው።