የጥርስ ጭረት ወይስ የጥርስ ካርቦን?

እንስሳ ምን ይበላ እንደነበር ከጥርሱ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ጭረቱን ማየት ነው። ኮምቦልቻ ላይ የበግና የፍየል መንጋጋ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ጥርሶቹ በዓይን ብዙም አይለያዩም። በማይክሮስኮፕ ግን ሌላ ነው። ሳር የሚግጥ እንስሳ ጥርስ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች ይበዛሉ፤ ቅጠል ቀንጣቢው ላይ ደግሞ ጥቃቅን ጉድጓዶች።

ችግሩ ጭረቱ ቶሎ ይፋቃል። የሚነግረን የመጨረሻዎቹን ቀናት ወይም ሳምንታት ምግብ ብቻ ነው። በጉ ከመታረዱ በፊት ገለባ ሲበላ ከሰነበተ የሚታየው የገለባው ታሪክ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከኢናሜሉ (ከጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) ትንሽ ዱቄት ፍቆ የካርቦኑን ዓይነት መለካት ነው። ኢናሜል አንዴ ከተሠራ አይታደስም፤ ጥርሱ ሲያድግ የተበላውን ይዞ ይቀራል። የቆላ ሳር፣ ማሽላ፣ በቆሎና ጤፍ አንድ ዓይነት ምልክት ይተዋሉ፤ ቁጥቋጦ፣ ገብስና ስንዴ ሌላ።

ወሎ ላይ ይሄ ነገር ጣጣ አለው። የማሽላ አገዳ ሲበላ ያደገ ፍየል ሳር በል ይመስላል። ከደሴ በላይ፣ ውርጩ ጋ ደግሞ ሳሩ ራሱ እንደ ቅጠል ይነበባል። እዚያ ጭረቱ ይሻላል።

ሁለቱ ሲገናኙ ግን ጉድ ያወጣሉ። ኮንሶ ላይም የተገኘውን ፓራንትሮፐስ ቦይሴይን፣ ከምድር የጠፋውን የሰው የሩቅ ዘመድ፣ በግዙፍ መንጋጋው የተነሳ ለውዝ ሰባሪ ይሉት ነበር። ጭረቱ ጠንካራ ነገር የመስበር ምልክት አላሳየም። በካርቦኑ ደግሞ የምግቡ ሦስት አራተኛ ገደማ ከሳርና ከሳር መሰል ተክሎች ወገን ሆነ።

አንዱን ምረጥ ብባል ጭረቱን እመርጣለሁ። በሲሊኮን ቅርጹን መውሰድ ይበቃል፤ ቅሪተ አካሉ አይነካም።