«ሴይ» ወይስ «ቴል»?

ሁለቱም ስለ መናገር የሆኑ የእንግሊዝኛ ግሶች ናቸው። «ቴል» ግን ሰሚውን ወዲያው ይፈልጋል፦ «ሂ ቶልድ ሚ»፣ ነገረኝ። «ሴይ» የሚያስቀድመው የተባለውን ነገር ነው፤ ሰሚውን መጥቀስ ካስፈለገ «ቱ» መሃል ትገባለች፦ «ሂ ሴድ ቱ ሚ»፣ አለኝ።

እኛን የሚያደናግረን የራሳችን «አለኝ» ነው። «ኝ»ዋ ተለጥፋ ስለምትመጣ «ሂ ሴድ ሚ» አፋችን ላይ ቀድማ ትደርሳለች። ስህተት ናት፤ ግን ከየት እንደመጣች አይጠፋም።

ትእዛዝ ሲሆን «ቴል» ይቀናዋል፦ «ሺ ቶልድ ሚ ቱ ዌይት»፣ ጠብቅ አለችኝ። ውሸት፣ እውነትና ተረትም የእሱ ናቸው። እዚያ ላይ ሰሚው ባይጠቀስም ግድ የለም። ሰላምታ የ«ሴይ» ነው፦ «ሴይ ሄሎ»። ጽሑፍም እንዲሁ፣ አፍ ባይኖረውም፦ «ዘ ሳይን ሴዝ ክሎዝድ»፣ ታፔላው ዝግ ነው ይላል።