ለግራ ፖለቲካ ጀማሪ፦ ከየትኛው መጽሐፍ ይጀመር?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ስለ ግራ ፖለቲካ ለማወቅ የጓጓ ወጣት «ምን ላንብብ?» ሲል ብዙ ሰው ወይ «ካፒታል»ን ያሸክመዋል፣ ወይ «የኮሙኒስት ማኒፌስቶ»ን ይሰጠዋል። ለመጀመሪያ ሁለቱም አይሆኑም። አንዱ ገና በመግቢያው ያደክማል፤ ሌላው ሳያስረዳ ያሞቃል። የእኛ ምርጫ የማርክስ «የቅጥር ሥራና ካፒታል» ነው።

ቀጭን መጽሐፍ ነው። ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1847 ብራስልስ ላይ ለሠራተኞች ካስተማረው ተወስዶ በ1849 በጋዜጣ የወጣ በመሆኑ ቋንቋው አያስቸግርም። ከመግዛት በፊት ግን የማርክስ የትግልና የጽሑፍ ባልደረባ ኤንግልስ በ1891 የጻፈው መግቢያ መኖሩ ይታይ። ኤንግልስ ያኔ ዋናውን ጽሑፍም አርሞታል፦ ሠራተኛው የሚሸጠው ሥራውን ሳይሆን የሥራ ጉልበቱን፣ ማለትም የመሥራት አቅሙን ነው። ይህ ካልተያዘ ትርፍ ከየት እንደሚመጣ ሳይገባ መጽሐፉ ያልቃል።

መግቢያው ላይ ያለው ሂሳብ በዓይን አይታለፍ፣ እስክሪብቶ ይያዝ። ጥሬ ዕቃ 20 ማርክ (የጀርመን ገንዘብ)፣ ከሰልና የማሽን እርጅና 1 ማርክ፣ የቀን ደመወዝ 3 ማርክ፤ ወጪው 24 ሆነ። ዕቃው የሚሸጠው በ27 ነው። ሠራተኛው በ12 ሰዓት በጥሬ ዕቃውና በማሽኑ 21 ላይ 6 ማርክ ጨምሮ የተከፈለው 3 ነው፤ ግማሹን ቀን ለደመወዙ፣ ግማሹን ለአሠሪው ሠራ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ማርኩን በብር፣ 12ቱን ሰዓት በ8 ተክቶ ይሞክረው። ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ ትርፍ የሚገኘው ዕቃን ከሚያወጣው በላይ በመሸጥ ይመስለዋል። በሂሳቡ ግን ዕቃው በትክክለኛ ዋጋው ተሽጦም 3 ማርክ ይተርፋል።

ቀጥሎ «ደመወዝ፣ ዋጋና ትርፍ»። ማርክስ በ1865 ለንደን ላይ በአንደኛው ኢንተርናሽናል (የሠራተኞች ዓለም አቀፍ ማኅበር) ምክር ቤት ያደረገው ንግግር ነው፤ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1898። ዌስተን የተባለ አባል «ደመወዝ ቢጨመር የዕቃ ዋጋ ይጨምራልና ጥቅም የለውም» ብሎ ነበር። ደመወዝ በተጨመረ ቁጥር «ነገ ጤፉም ይጨምራል» የሚለው የገበያ ክርክር ያው ነው። ችግሩ የመጀመሪያዎቹ አምስት ክፍሎች ዌስተንን እየተከተሉ የሚከራከሩ ስለሆኑ ጀማሪን ያሰለቻሉ። ስለዚህ ከክፍል 6 እስከ 9 ይነበብ፣ ከዚያ ወደ 1 ተመልሶ እስከ 5፣ ከዚያ 13 እና 14። ብር ሲዳከም የሚመጣውን የዋጋ ንረት በዚህ መጽሐፍ ብቻ እፈታለሁ የሚል ግን ይሳሳታል።

ማኒፌስቶው (1848) ሦስተኛ ይሁን። ምዕራፍ 1 እና 2 በቂ ናቸው። ምዕራፍ 3 በዘመኑ የነበሩ ሶሻሊስቶችን ይተቻል፤ ጸሐፊዎቹ ማርክስና ኤንግልስ ራሳቸው በ1872ቱ መቅድም ያ ትችት ከ1847 እንደማያልፍ፣ በምዕራፍ 2 መጨረሻ ያሉት እርምጃዎችም በብዙ መልኩ ሌላ አገላለጽ እንደሚሹ ጽፈዋል። ከአሥሩ እርምጃዎች የመጀመሪያው የመሬት የግል ባለቤትነትን መሻር ነው፤ ወሎ ላይ የሚያነብ ሰው የገጠር መሬትን የሕዝብ ካደረገው፣ ለአንድ ቤተሰብ ይዞታ 10 ሄክታር ጣሪያ ካስቀመጠው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ጋር ያስተያየው። ከተማሪዎች ንቅናቄው ዋለልኝ መኮንን የ1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦች ጽሑፍ በፊትም ማኒፌስቶው ይቅደም። የዋለልኝ ጽሑፍ አጭር ነው፣ የሚያውጀው ከሚያስረዳው ይበዛል።

«ካፒታል» ቅጽ 1 (1867) ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ከምዕራፍ 1 አይደለም። ማርክስ ራሱ ለወዳጁ ለኩገልማን ሚስት ስለ ሥራ ቀን፣ ስለ ኅብረት ሥራ፣ የሥራ ክፍፍልና ማሽን፣ ስለ ጥንተ ካፒታል ክምችት (ካፒታል መጀመሪያ እንዴት እንደተከማቸ) የሚሉትን አስቀድማ እንድታነብ መክሯል። ምዕራፎቹ በቁጥር ሳይሆን በርዕስ ይፈለጉ፤ የጀርመንኛው እትም 25፣ የእንግሊዝኛው 33 ምዕራፍ ስላለው ቁጥሩ አይገጥምም።

በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚም የሞስኮው ፕሮግረስም በአማርኛ የግራ መጻሕፍት አሳትመው ነበር። እነዚህን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የሚገዛ ሰው ጀርባውን ገልጦ ሙጫው መልቀቁን ይይ፤ ቀድመው የሚረግፉት የፊትና የኋላ ገጾች ናቸው፣ መግቢያውና ማስታወሻዎቹ ያሉትም እዚያው ነው። የገጽ ቁጥሩ ሳይዘል መቀጠሉም ይቆጠር። መሀል የጎደለውን ከእንግሊዝኛው መሙላት ይቻላል፤ የ1891ዱ መግቢያ የጎደለበትን ግን ሻጩ በግማሽ ዋጋ ቢለቅም ለጀማሪ አንመክረውም።