ነቀዝን የሚያፍነው ከረጢት፦ ፒክስን ተጠቅሜ ያየሁት

ለአነስተኛ ገበሬ የመንግሥት ድጋፍ ሲባል ሁሌ የሚወራው ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ነው። እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን ብዙም አይነሳም። ለዚህ ነው እህልን ከነቀዝ ስለሚጠብቀው ፒክስ (PICS) ስለሚባለው ከረጢት የምጽፈው።

ነገሩ ቀላል ነው። ከውጭ ተራ ጆንያ፣ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ። ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከካሜሩን ተመራማሪዎች ጋር የሠራው ነው። እህሉን ሞልታችሁ፣ አየሩን ጨምቃችሁ አስወጥታችሁ፣ የፕላስቲኮቹንና የጆንያውን አንገት ጠምዝዛችሁ ለየብቻ ጥብቅ አድርጋችሁ ታስራላችሁ፤ ውስጥ የቀረችውን ኦክስጅን ነቀዙ ራሱ ይጨርሳትና ያልቅለታል። መድኃኒት የሚባል ነገር የለም።

በቆሎ አስቀምጬበት ከወራት በኋላ ስፈታው እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩ። ዱቄት የለም፣ የተበሳ ፍሬ የለም። በጣም ነው ደስ ያለኝ!

ግን እህሉ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ ጨውና ትንሽ እህል ጨምራችሁ ነቅንቁት፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ መልሳችሁ አስጡት። አይጥ እንዳይበሳውም ተጠንቀቁ። ካልተቀደደ ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል።

ከተራ ጆንያ መወደዱ ነው የሚያሳዝነኝ። መንግሥት ለማዳበሪያ እንደሚደጉመው ለዚህም ቢደጉም እላለሁ፤ ነቀዝ የፈራ ገበሬ ምርቱን የሚሸጠው ገና ባጨደ ማግስት፣ ዋጋው ወድቆ ሳለ ነው።